ፈስ ያለበት በረራ አይችልም?

ዛሬ የምጽፈው ስለ ፈስ ነው። ነውር ነው የምትሉ ካላችሁ ከዚህ ተመለሱ፣ አልቀየማችሁም። የቀራችሁት ግን እስቲ እውነቱን እናውራ። አውሮፕላን ውስጥ ያ ነገር ሸትቶት የማያውቅ ማነው? በሩ ተዘግቷል፣ ቀበቶ ታስሯል፣ መስኮቱ የሚከፈት አይደለም። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ጠረን ቀስ ብሎ ይደርሳል። ቀና ትላላችሁ፣ ከራሳችሁ በላይ ያለችውን የአየር ቀዳዳ ትጠመዝዛላችሁ፣ ከዚያ ጎረቤታችሁን በጎን ታያላችሁ። እሱም እያያችሁ ነው።

የምኖረው ጅማ ነው፣ ሥራዬም ቡና መቅመስ ነው። አፍንጫዬ እንጀራዬ ነው ማለት ይቻላል። አንዲት የገማች ፍሬ ከጤነኛው ጋር ተፈጭታ ሲኒውን በሙሉ ታበላሻለች። የምከፈለው ያንን ለይቼ ለማወቅ ነው። የተበላሸው እጥበት ላይ ነው፣ ጀንፈሉ ሲደርቅ ነው፣ ወይስ መጋዘን ውስጥ እርጥበት ነክቶት? ይሄ ጠባይ ከሥራ ስወጣ አይለቀኝም። ሚስቴ ትጠላዋለች። ፍሪጅ ከፍቼ ቆሜ ሳሸት ስታየኝ «ዛሬም ደረጃ ልታወጣ ነው?» ትለኛለች። እና አውሮፕላን ውስጥ ጠረን ሲመጣ ሌላው ሰው አፍንጫውን ሲይዝ እኔ እስባለሁ። ይሄ ምንድነው፣ ከምን የመጣ ነው፣ መቼ ይሄዳል?

በዚህ ጉዳይ የሚወራው አንድ ዓይነት ነው። አውሮፕላን ከፍ ሲል ሆድ ይነፋል፣ ሆድ ሲነፋ ሰው ይፈሳል፣ ስለዚህ ጥፋቱ የከፍታው ነው። ደስ የሚል ሰበብ ነው። ችግሩ ለጅማና ለአዲስ አበባ ሰው አለመሥራቱ ነው። እኛ ደገኞች በከፍታ ማመካኘት አንችልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሮበርት ቦይል እ.ኤ.አ. በ1662 ያሳተመውን ሕግ ሁላችንም ትምህርት ቤት ሸምድደነዋል። ግፊት ሲቀንስ ጋዝ ይሰፋል፣ ግፊቱ በግማሽ ሲወርድ ጋዙ እጥፍ ቦታ ይይዛል። ትልልቆቹ አውሮፕላኖች 10 እና 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው የሚበሩት፣ እዚያ ያለው አየር ደግሞ ሰው ተንፍሶት የሚኖርበት አይደለም። ስለዚህ ካቢኑ ውስጥ አየር ይታመቃል። ግን የባሕር ጠረፍ ያህል አያምቁትም፣ የአውሮፕላኑን አካል ያን ሁሉ ግፊት እንዲችል አድርጎ መሥራት ክብደት ይጨምራል። ደንቡ የሚጠይቀው የካቢኑ አየር 8,000 ጫማ፣ ማለትም 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው አየር እንዳይሳሳ ነው። ከባሕር ጠረፍ የተነሳ ሰው እዚያ ሲደርስ ሆዱ ውስጥ ያለው ጋዝ በሲሶ ያህል ይጨምራል። ጆሮ የሚደፈነውም፣ የብስኩቱ ላስቲክ እንደ ከበሮ የሚወጠረውም በዚሁ ሕግ ነው።

እንግዲህ ቦሌ ኤርፖርትን አስቡት። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። ካቢኑ እንዳያልፈው ከተከለከለው ከፍታ የሚያንሰው መቶ ሜትር ያህል ነው። የአዲስ አበባ ሰው፣ ሜክሲኮ አደባባይ ታክሲ እየጠበቀም ይሁን ካዛንቺስ ምሳ እየበላ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚኖረው አውሮፕላን ካቢን ውስጥ ነው። ከጅቡቲ የመጣ እንግዳ ቦሌ ወርዶ ሆዴ ተነፋ ቢላችሁ እውነቱን ነው። የቦሌ ልጅ ጅቡቲ ሄዶ ሆዴ ተነፋ ካላችሁ ግን ሌላ የበላው ነገር አለ።

እንደ 787 ድሪምላይነርና ኤርባስ ኤ350 ያሉት አዳዲሶቹ ደግሞ የካቢናቸውን አየር ከ6,000 ጫማ፣ ማለትም ከ1,800 ሜትር በላይ እንዲሳሳ አያደርጉም። ይሄ ከአዲስ አበባ ያነሰ ከፍታ ነው። ስለዚህ ከቦሌ በድሪምላይነር የተነሳ መንገደኛ፣ ዓይኑ ደመናውን አልፎ ሲወጣ ሆዱ ቁልቁል እየወረደ ነው። ጋዙ ይጨማደዳል እንጂ አይሰፋም። ጅማ 1,700 ሜትር አካባቢ ናት። ድሪምላይነር ውስጥ የተቀመጠ ሰው፣ ትኬቱ ዋሽንግተንም ይበል ጓንዡ፣ በሆዱ በኩል ጅማ ገብቷል።

ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ስንበርስ? ይሄኛው ትክክለኛው አቅጣጫ ነው፣ ይነፋል። ግን ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ከእኛ ከፍታ ወደ ቦሌ ከፍታ ሲኬድ ጋዝ የሚሰፋው በ8 በመቶ ገደማ ነው። የጤነኛ ሰው አንጀት ውስጥ በአንድ ጊዜ ያለው ጋዝ 200 ሚሊ ሊትር ቢሆን ነው። የ200 ስምንት በመቶ 16። አንድ የሾርባ ማንኪያ። ለአንድ የሾርባ ማንኪያ አየር ያ ሁሉ ተሳፋሪ ለምን ይሰቃያል?

ማመን ያቃተው ሰው በፕላስቲክ ጠርሙስ ይሞክረው። አዲስ አበባ ላይ ውሃውን ጠጥታችሁ ክዳኑን ጥብቅ አድርጋችሁ ዝጉትና ቦርሳ ውስጥ ክተቱት። ጅማ ስትደርሱ ጎኑ ገብቶ ታገኙታላችሁ። ያ ጠርሙስ ሆዳችሁ ነው። ወደ ጅማ ስንመጣ ሆዳችን እንዲያውም ይቀላል። አዲስ አበባ ሰንብቶ ሲመለስ «አገሬ ስገባ ሆዴ ሰላም አገኘ» የሚል የሰፈራችን ሰው አለ፤ የናፍቆት ይመስለው ነበር።

ይልቅ ጉዱ ያለው መኪና ላይ ነው። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሰኮሩ አድርጎ ጊቤ በረሃ ይወርዳል፣ 1,100 ሜትር አካባቢ። ከዚያ ተመልሶ ወልቂጤን ይወጣል፣ 1,900። በዚያች አንዲት ዳገት ብቻ ሆድ ውስጥ ያለ ጋዝ 10 በመቶ ያህል ይሰፋል። አውሮፕላኑ ጅማ ተነስቶ ቦሌ እስኪያርፍ ከሚያደርገው ይበልጣል! አዲስ አበባ ሲገባማ ጊቤ ላይ ከነበረው 16 በመቶ ጨምሯል። እና ጊቤ ታች ሙቀቱ ስለማያስቀምጥ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቷል፣ ጋዙም ታምቋል፣ ሰላም ነው። ዳገቱ ሲጀመር አየሩ ቀዝቀዝ ይላል። ያኔ ነው አንዲት እናት ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው «ልጄ፣ እሱን መስኮት ዝጋው፣ ብርድ ይመታኛል» የሚሉት። ረዳቱም «ዝጉ፣ ዝጉ» ይላል። ልክ ሆድ መስፋት ሲጀምር መስኮት ይዘጋል። የዚህን አገር አውቶቡስ መስኮት ብርድ መታኝ ከሚል ሰው አስጥሎ የከፈተ ጀግና እስካሁን አላየሁም።

እ.ኤ.አ. በ1981 ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች ኮሎራዶ ውስጥ ተራራ ሲወጡ ይሄው ነገር አስቸገራቸውና ለአንድ የሕክምና መጽሔት ደብዳቤ ጻፉ። ከ11,000 ጫማ በላይ የሚመጣ ሕመም ነው ብለው ስም ሁሉ አወጡለት። 11,000 ጫማ 3,350 ሜትር ነው። ከዚያም ከፍ በሚለው ባሌ ሳነቲ ላይ የሚውል እረኛ ቢያነባቸው ምን ይል ይሆን?

ታዲያ ካቢኑ ለምን ይሸታል? ስለበላን ነዋ።

ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ ውስጥ ራፊኖስና ስታክዮስ የሚባሉ ስኳሮች አሉ። ትንሹ አንጀታችን እነሱን የሚሰባብር ኢንዛይም የለውም። ስለዚህ ሳይፈጩ ትልቁ አንጀት ይደርሳሉ፣ እዚያ ባክቴሪያዎቹ ይረባረቡባቸዋል፣ ሃይድሮጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፣ አንዳንዱ ሰው ላይ ሚቴንም ይጨመራል። እናቶቻችን ባቄላውን አሳድረው ዘፍዝፈው ውሃውን የሚደፉት ለዚህ ይሁን ለሌላ አላውቅም፣ ግን ልክ ናቸው፤ ከስኳሮቹ የተወሰነው ከውሃው ጋር ይሄዳል። ጤነኛ ሰው በቀን ከ10 እስከ 20 ጊዜ ይፈሳል፣ ተደምሮ ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ተኩል ይሆናል። አገር ሁሉ ሁዳዴን ለ55 ቀን ሲጾም የትኛውን ጫፍ እንደምንይዝ መገመት ቀላል ነው።

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልምጣ። ከፈስ ውስጥ 99 በመቶ የሚሆነው ምንም ሽታ የለውም። የሚሸተው ከቀሪው ኢምንት ውስጥ ያለው የድኝ ዘር ነው። ሚኒያፖሊስ ውስጥ ማይክል ሌቪት የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1998 ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ጥናት አለ። ለጤነኛ ሰዎች ባቄላ አብልተው ጋዛቸውን ሰበሰቡ፣ ከዚያ ሁለት ዳኞች እያሸተቱ ነጥብ ሰጡ። ይሄን ሳነብ ካፒንግ የምንለው የቡና ቅምሻ ጠረጴዛ ላይ የተሰለፉት ሲኒዎቻችን ፊቴ ላይ ድቅን አሉብኝ። እኛ የምናሸተው አበባና ሎሚ ነው፣ እነሱ ደግሞ ያንን። ደሞዛቸው ስንት ይሆን? ውጤቱ፣ ዋናው ጥፋተኛ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፣ የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው እሱ። የሴቶቹ ጠረን ጠንከር ያለ፣ የወንዶቹ ደግሞ መጠኑ የበዛ ሆኖ ተገኘ። ለሚስቴ አነበብኩላት። «መጠኑን እንኳ ጥናት አያስፈልገውም ነበር» አለችኝ።

ስለዚህ ባቄላው ብዛቱን ይሰጣል፣ ሽታውን ግን በአብዛኛው የሚሰጡት ድኝ ያለባቸው ናቸው፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ጥቅል ጎመን፣ እንቁላል፣ ሥጋ። ሽሮ ወጣችን ሁለቱንም አንድ ድስት ውስጥ ታስታርቃለች።

አንድ ቀን ያየሁትን ላውራችሁ። ሁለቱ ጾሞች፣ ሁዳዴና ረመዳን፣ የተገጣጠሙበት ሰሞን ነው። ከጅማ የጠዋት በረራ፣ ሁለት ሁለት ሰው የሚያስቀምጠው ባለ ፕሮፔለር። ከጎኔ በመስኮቱ በኩል አንድ ሐጂ ተቀምጠዋል፤ ጺማቸው ሂና የነካው፣ ጉልበታቸው ላይ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር የያዙ። ማር ነው፣ ሽታው ይነግራል። ከመተላለፊያው ማዶ ሕፃን የታቀፈች እናትና ጆሮው ላይ ማዳመጫ የደፋ ተማሪ። ተነሳን። ከተማዋ ከታች ጠበበች፣ አረንጓዴው ቀረ፣ ደመና ገባን። ያኔ መጣ።

ቀላል አልነበረም። ተማሪው የሹራቡን አንገት እስከ ዓይኑ ሳበ። ከፊታችን ያሉት ሴትዮ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ። ከኋላ አንዱ ሽቶ አውጥቶ ፈስ ፈስ አደረገ፣ ይሄ ትልቅ ጥፋት ነው፤ ስለ እሱ እመለስበታለሁ። ከዚያ ያው ባለሽቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ «እህቴ፣ ሕፃኑ ነው መሰለኝ፣ ዳይፐሩን ባይሽው» አለ።

እናትየው ዞር እንኳ አላለችም። «ልጄ ገና ጡት ነው የሚጠባው ወንድሜ። የጡት ልጅ እንዲህ አይሸትም።»

ልክ ናት። ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ሽታው ለስላሳ ነው። ሐጂም በጭንቅላታቸው ደገፏት። «እውነቷን ነው። ይሄ ባቄላ የበላ ሰው ነው።» ትንሽ አሰብ አደረጉና፣ «የሁዳዴ ነገር ነው እንግዲህ፣ እኛ የለንበትም» አሉ።

ከፊት የማናየው ሰው፣ ጎልማሳ ድምፅ፣ «ሐጂ፣ ማታ ያፈጠሩበት ሳምቡሳ ውስጥ ያለውስ ምስር?» አለ።

ሐጂ ሳቁ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «እሱስ ልክ ነህ ልጄ፣ እሱስ ልክ ነህ።» አምስት ስድስት ረድፍ አብሮ ሳቀ፣ እናትየዋም ጭምር። እኔ ደግሞ መካከል ላይ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ሽታው የለም። ስንከራከር ሄዷል። የቀረው የሰውዬው ሽቶ ነው፣ እሱ እስከ ቦሌ አብሮን ተጓዘ።

ለምን እንደሄደ ላስረዳ። የአውሮፕላን ካቢን አየር በሰዓት ከ20 እስከ 30 ጊዜ ያህል ይቀየራል፣ በየሁለት ሦስት ደቂቃው ማለት ነው። የማንም ቢሮ፣ የማንም ሳሎን እንዲህ አይናፈስም። አብዛኛውን ጊዜ ግማሹ ከውጪ የሚገባ ንጹሕ አየር ነው፣ ግማሹ ተጣርቶ የሚመለስ። ትልልቆቹ ላይ የሚገጠመው ሄፓ የሚባለው ማጣሪያ ቫይረስና ባክቴሪያ ይይዛል፣ ጋዝ ግን አይዝም፤ ድኙ በማጣሪያው ውስጥ ሹልክ ብሎ ያልፋል። የሚያጠፋው ከውጪ የሚገባው አየር ነው። አየሩ የሚፈሰው ደግሞ ከጣሪያ ወደ ወለል ነው፣ ከአውሮፕላኑ አፍንጫ እስከ ጭራው አይደለም። ስለዚህ 20ኛ ረድፍ ላይ የተፈጸመ ወንጀል 5ኛ ረድፍ አይደርስም። ሸተታችሁ ማለት ሰውዬው ቅርብ ነው። እናንተም ልትሆኑ ትችላላችሁ።

ከዚህ ውጪ የሚደርስበት አንድ መንገድ አለ፣ በእግር። የውጪ አገር የበረራ አስተናጋጆች ሆዳቸው ሲጨንቃቸው መተላለፊያው ላይ ወዲያ ወዲህ እየተራመዱ ይለቁታል፤ በመካከላቸው የእርሻ መድኃኒት ርጭት ብለው ይቀልዱበታል። እነሱ ምን ያድርጉ? ሥራቸው ቀኑን ሙሉ ሽቅብ ቁልቁል ነው። ሻይ ይፈልጋሉ ብላ ፈገግ ያለችላችሁ ልጅ ሆድ የላትም እንዴ?

ሽቶው ላይ ልመለስ ብያለሁ። የፈስ ጋዝ ቀላል ነው፣ ይበተናል፣ ይወጣል። ሽቶ ግን ዘይት አለው፣ ልብስና ወንበር ላይ ይቀመጣል። በሁለት ደቂቃ የሚያልፍን ነገር በአንድ ሰዓት መለወጥ ምን የሚሉት ንግድ ነው? ደግሞም ሽቶ ሽታን አይሸፍንም፣ ይቀላቀለዋል። አፍንጫ ላይ የሚኖር ሰው ይመናችሁ።

አሁን ዋናው ጥያቄ፣ መያዝ ወይስ መልቀቅ? ፈስ ያለበት ዝላይ አይችልም ይባላል። በረራስ ይችላል? ዴንማርክ ውስጥ ያሉ የሆድ ቀዶ ሐኪሞች ከእንግሊዝ ባልደረባቸው ጋር ሆነው ይሄን እ.ኤ.አ. በ2013 በኒውዚላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ በቁም ነገር ጽፈውበታል፣ ቀልድም ጣል አድርገውበታል። መልሳቸው ልቀቁት ነው። መያዝ ሆድ ያሳምማል፣ ይነፋል፣ ያስጨንቃል። ስለ አብራሪውም አስበዋል፤ ከያዘው ሐሳቡ ይበተናል፣ ከለቀቀው ረዳቱ ይበደላል ብለዋል። ከሁሉ የገረመኝ የወንበሩ ነገር ነው። የጨርቅ ወንበር ከሽታው እስከ ግማሽ ያህል ይውጣል፣ የቆዳ ወንበር ግን አያሳልፍም። ብዙ ከፍሎ ቆዳ ላይ የተቀመጠው ሀብታም ከእኛ የባሰ ይሸተዋል ማለት ነው። ወንበሩ ላይ ከሰል ይጨመርበት ብለውም ሐሳብ አቅርበዋል።

እኔ ግን ከሐኪሞቹ ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ሽንት ቤት ሂዱ። የሽንት ቤቱ አየር ካቢኑ ውስጥ አይመለስም፣ ተስቦ በቀጥታ ወደ ውጪ ነው የሚወጣው። ሰው ሁሉ ይሄን ቢያውቅ ግማሹ ጣጣ ይቀር ነበር። በእርግጥ የጅማ በረራ አንድ ሰዓት አይሞላም፣ የቀበቶው መብራት ሲጠፋና ሲበራ እኩል ነው። ያኔ እንግዲህ ልቀቁት፣ ቀና ብላችሁ የአየር ቀዳዳውን ክፈቱት፣ የሌላ ሰው ፊት ላይ አታፍጥጡ።

ይሄን የምለው ሰዎች በዚህ ጉዳይ ምን ያህል እንደሚሄዱ ስላየሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ከዋሽንግተን ወደ ዳላስ ይሄድ የነበረ አውሮፕላን ናሽቪል ላይ ድንገት አረፈ፤ አንዲት ተሳፋሪ የራሷን ሽታ ለማጥፋት ክብሪት ስትጭር የክብሪቱ ሽታ ሌላውን ስላስደነገጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ከዱባይ አምስተርዳም የሚሄድ በረራ ላይ አንዱ አላቆም ስላለ ጠብ ተነሳና አውሮፕላኑ ቪየና ወረደ። በዚያው ዓመት ኢንዶኔዥያ ውስጥ ሰዎች ዱሪያን የተባለ ፍራፍሬ ሁለት ቶን ያህል ዕቃ መጫኛው ውስጥ ሸተታቸውና ካልወረደ አንሄድም ብለው አስወረዱት። እኛ ጋ ቢሆን ቅቤና በርበሬው ሁሉ ወርዶ አውሮፕላኑ ባዶውን ይሄዳል።

አንዱ ታሪክ ግን አያስቅም። ያው 2018፣ ግንቦት ላይ፣ ከካናሪ ደሴቶች ወደ አምስተርዳም በሚሄድ በረራ ላይ የአንድ ሰው ሽታ ሰዎችን እስከ ማስታወክ አደረሰ። አውሮፕላኑ ፖርቱጋል ፋሮ ላይ አርፎ ሰውዬው እንዲወርድ ተደረገ። ሳይታጠብ የከረመ ነው ሲሉት ነበር። ሆስፒታል ሲገባ ሥጋው እየሞተበት መሆኑ ታወቀ፣ ከሳምንታት በኋላም አረፈ። ከዚያ ወዲህ ጎኔ የተቀመጠ ሰው ሲሸተኝ ፊቴን ለማጨማደድ አልቸኩልም። የስኳር ሕመም ቁስል ያለበት አለ፣ ኮሎስቶሚ ከረጢት፣ ማለትም ሰገራው በሆዱ በኩል የሚወጣበት ከረጢት ያለበት አለ። ሆዱን ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ቶሎ እንዳይበር ሐኪም የሚከለክለውም ለዚሁ የጋዝ መስፋት ነው፤ ያ የሾርባ ማንኪያ የተሰፋ አንጀት ላይ ሲሆን ቀልድ አይደለም፣ ከባሕር ጠረፍ ለሚነሳ ደግሞ የሚጨመረው ከአራት ማንኪያ ያልፋል።

ለሌሎቻችን ግን መፍትሔው ከመሳፈር በፊት ነው ያለው። በበረራው ዋዜማ ማታ የሽምብራ አሳና ጥቅል ጎመን ይቅር። ምስርም ቢሆን። በጾም ወቅት ድንች አለ፣ ሩዝ አለ፣ ቲማቲም ፍትፍት አለ፣ አንድ ቀን ምን ትሆናላችሁ? ኤርፖርት ቁጭ ብሎ አምቦ ውሃ መጠጣት ሆድ ያቀላል የሚል እምነት አለን፤ ያስገሳል እንጂ አያቀልም፣ ጋዙን ጨምራችሁበት ነው። ማስቲካም እንደዚያው፣ ስታኝኩ አየር ትውጣላችሁ። ለጆሮ ከሆነ ልክ ሲነሳና ሲያርፍ ብቻ ይበቃል። ወተት የማይስማማው ሰው ማኪያቶውን ይለፈው። እናቴ ከመንገድ በፊት ዝንጅብል በጦስኝ አፍልታ ታጠጣናለች፣ ለሆድ ይሠራል አይሠራም ልከራከር አልፈልግም፣ ይጣፍጣል። ተሳፍሮ ደግሞ ቀበቶን ከእምብርት ዝቅ አድርጎ ማሰር ነው፣ ትክክለኛ ቦታውም እዚያው ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር። አስተናጋጆች ሽንት ቤቱ አልሆን ሲል የተፈጨ ቡና በከረጢት አድርገው ያስቀምጣሉ ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እውነት ነው፣ ያደርጉታል። ቡና ሽታ ይስባል፤ ለዚህ ነው ቡናን ከቅመም ወይም ከናፍጣ ጋር ያከማቸ ነጋዴ ሲኒው ላይ የሚጋለጠው። በርበሬ መጋዘን ያደረ ቡና ቀምሼ አውቃለሁ፣ በርበሬ በርበሬ ይላል። ስለዚህ ከሽቶው ይልቅ ቡናው ይሻላል። የትኛው ቡና ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ እንጂ። የሊሙን ወይም የይርጋጨፌን የታጠበ ለዚያ የሚያውል ሰው አይኖርም ብዬ አምናለሁ። ርካሽ ነው ብሎ ጅማ 5 የሚባለውን የቡና ደረጃ ሽንት ቤት የሚያስቀምጥ ካለ ደግሞ እንጣላለን፤ ከደረጃ በታች የወጣው ይበቃል፣ ሞልቷል።